ላልተወለደች አውሮፕላን ዋስ የሆንኩ ሰው

ዛሬ ምሳ ላይ ምን እንደተናገርኩ ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም። ግማሻችሁ ደግሞ ለባለቤቴ ታዝናላችሁ። ለሁለታችሁም ፖስቱ ይኸው።

የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ምሳ ቀርቧል። ልጁ ስልኩን ከእጁ አያወርድም። ድንገት "ጋሼ፣ ይኼን ይዩት" አለኝ።

አየሁት። አንድ አዲስ ፋብሪካ ለነጋዴዎች የምትሆን ትንሽዬ ጄት ሊሠራ ነው አሉ። ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሽቅርቅር ያለች። ገና አልተሠራችም። ግን ከአሁኑ እየተሸጠች ነው!

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስኩት። "ዋሷ ማን ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

በቃ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለም። በደርግ ጊዜ የሆነውን፣ ያን ሁሉ ዓመት አፍኜ የያዝኩትን ነገር እዚያው ዘረገፍኩት። ለእነሱ ካወራሁ ለእናንተ የምደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ያኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። አፍሮዬ ክፍል ውስጥ ከእኔ ቀድሞ ይገባል። ሱሪዬ ከታች እንደ ጥሩንባ የተከፈተ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር ነበረኝ፣ ብዙ ባይሰነብትም።

ፍቅርም ይዞኝ ነበር። ልጅቷ አትጠገብ ትባላለች፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ልጅ ናት። አባቷ አያ ቢተው የበቅሎ ደላላ ናቸው። ቡሬ ገበያ ላይ እሳቸው ሳያዩዋት የምትሸጥ በቅሎ የለችም። ሲናደዱ በአገውኛ ያጉረመርማሉ። እኔ ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር ብዙ አገውኛ ይሰማ ነበር።

"መሬት የለው፣ በቅሎ የለው። ያስተምራል ትሉኛላችሁ። ለመሆኑ ለዚህ ሰው ማን ይቆምለታል?" እያሉ ነበር ሽማግሌዎቼን የሚመልሷቸው።

ከተማ ላደጋችሁ ልጆች አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር በቅሎ ስትገዛ ጥርሷን ታያለህ፣ ታስኬዳታለህ፣ መጨረሻ ላይ ሻጩን "ዋስ ጥራ" ትለዋለህ። በቅሎዋ የተሰረቀች ወይም ነውረኛ ሆና ከተገኘች የሚያዘው ዋሱ ነው። ማንም የማያውቀው ሻጭ ዋስ ካላገኘ በቅሎውን እየጎተተ ወደ መጣበት ይመለሳል።

አንድ ቀን የአውራጃው ጓድ አስጠራኝ። ያኔ ጓድ ሲያስጠራ ሰው መጀመሪያ እናቱን ይሰናበታል። እኔም ተሰናበትኩ። እናቴ ጋቢ ሰጥታኝ ነበር፣ እስር ቤት ይበርዳል ብላ።

ስደርስ ቢሮው ውስጥ አንድ ፈረንጅ ላቡን እየጠረገ ተቀምጧል።

ፈረንጁ የአንድ አዲስ አውሮፕላን ፋብሪካ ሻጭ ነበር። ፋብሪካው የነጋዴ ጄት ገበያ ውስጥ ሊገባ ፈልጎ በሩ ተቆልፎበታል። ትልልቆቹ ቀድመው ይዘውታል፤ ሀብታሞቹ የእሱን ስም ሰምተውት አያውቁም። ስለዚህ መንገድ የሌለበት አገር እየፈለገ ለመንግሥታት ሊሸጥ ተነሣ። "የእኛ ጄት ጠጠር ላይ ታርፋለች" ነው የሚለው።

ጠጠር ከሆነማ እኛ ምን ጎደለብን?

ጓዱ ነገሩን ወዶታል። አዲስ አበባ ተሰብስቦ ለምሳ ፍኖተ ሰላም ሲመለስ ታይቶታል። ነገር ግን አብዮታዊ ሰው ነውና ለራሴ ብሎ አይልም። "ሰፊው ሕዝብ ይምከርበት" አለ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

የሚመክረው ሰፊው ሕዝብ ቡሬ አጠገብ ያለ ገበሬ ማኅበር ሆኖ ተገኘ። እና ከፊት ማን ተቀምጧል? አያ ቢተው። ከኋላ ለእንግዳው ጠላ ይዘው ከቆሙት ሴቶች መሀልስ ማን አለች?

ጉድ ፈላ።

ፈረንጁ ሻንጣውን ከፍቶ ክንድ የምታህል የጄት ሞዴል አወጣ። ነጭ፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ታብረቀርቃለች። አያ ቢተው ተቀበሏት። ገለበጧትና ሆዷን አዩ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ጭራዋን ቀና አድርገው ከሥሩ አዩ። ፈረንጁ ፊቱ ቀላ።

"ይችስ ውርንጭላዋ ናት። እናቷ የት አለች?" አሉ።

ተረጎምኩ። ፈረንጁ "የመጀመሪያዋ ገና በመሠራት ላይ ናት" አለ። ይህን እንዳለ ባስተላልፈው ስብሰባው እዚያው ይበተናል። ጓዱ ዐይኑን አፍጥጦብኛል። አትጠገብም እያየችኝ ነው።

"እናቷ ምጥ ላይ ናት" አልኩ።

"ማርያም በሽልም ታውጣት" አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ ድምፅ። ጓዱ ሳል ያዘው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ምን ትበላለች? ትራገጣለች? ጅብ ስታይ ትደነብራለች? እኔም እየሞቀኝ ሄደ። ፈረንጁ አንድ ቃል ሲናገር እኔ አሥር አደርገዋለሁ። የታመመ ሰው ከሽንዲ አንሥታ ደብረ ማርቆስ ታደርሳለች አልኩ። ፈረስ ቤት ዳገቱን ሳትተነፍስ ትወጣለች አልኩ። ፈረንጁ ፈረስ ቤት የሚባል አገር መኖሩንም አያውቅም!

አያ ቢተው ሞዴሏን አስቀምጠው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "መልካም። ዋሷ ማን ነው?" አሉ።

ይህን በትክክል ተረጎምኩት። የሚያውቅህና የሚቆምልህ ሰው ጥራ ይሉሃል አልኩት። ፈረንጁ ትንሽ አሰበና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

"በዚህ አገር እስካሁን ወኪል የለንም። እንግሊዝኛህ ግሩም ነው። ለምን አንተ አትሆንልንም?"

ወኪል! ግሩም! ራሴን በከረባት አየሁት። ማን ይቆምለታል ሲባል የኖርኩት ሰውዬ በአባቷ ፊት ለሌላ ልቆም ነው። ያውም ለአውሮፕላን!

"ዋሷ እኔ ነኝ" አልኩ።

ኪሴ ውስጥ የነበረው ንብረት ግማሽ ጠመኔ ነው።

አያ ቢተው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ጨበጡኝ። እጄን ሲይዙት የመጀመሪያቸው ነበር። ሽማግሌዎቼ ዳግም ሲሄዱም ምንም አገውኛ አልተሰማም። "ልጄን እሰጠዋለሁ። አውሮፕላኗ ባረፈች ማግስት" አሉ።

እስቲ ልብ በሉ። እኔ አትጠገብን የማገኘው አንድ በውጭ አገር ያለ ጀማሪ ፋብሪካ ከቀናው ነው። ያን ፋብሪካ ባለቤቱ እንኳ የእኔን ያህል የወደደው አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ በውይይት ክበብ የካፒታሊዝምን አይቀሬ ውድቀት አስረዳለሁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ አንድ ካፒታሊስት እንዲያተርፍልኝ እማጠናለሁ። ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ። ገብርኤል ለልጅ፣ ለጤና፣ ለዝናብ ሲለመን የኖረ ነው፤ የነጋዴ ጄት ሽያጭ ሲቀርብለት ግራ ሳይገባው አይቀርም።

የውጭ ሬዲዮም ድምፁን ዝቅ አድርጌ አዳምጣለሁ። "አውሮፕላን" የሚል ቃል ስሰማ ልቤ ይዘላል። ሁልጊዜ የተከሰከሰ ሆኖ ይገኛል።

ገበያ ስወጣ ደግሞ ሰው መንገድ ያስቆመኛል።

"መምህር፣ ወለደች?"

"ገና ናት።"

"ኧረ ይች ምጥስ ጠናባት አንተየ።"

ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆነን ቆየን። ከዚያ ጓዱ እንደገና አስጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋው። ፋብሪካው አንድም ጄት ሳይሠራ ከስሮ ተዘግቷል፣ ፈረንጁም የገባበት አይታወቅም አለኝ። ቀጠለና "እንዲህ ያለ ስብሰባ አልተካሄደም። ገባህ?" አለኝ።

ገብቶኛል። የጓዱ ስብሰባ አልተካሄደም። የእኔ ዋስነት ግን ተካሂዷል።

በማግስቱ ጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ ቡሬ ወረድኩ። ከዚያ በእግሬ ወደ መንደራቸው። አትጠገብን እንዳጣኋት ቆርጦልኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ "እየመጣች ነው" ያልኩት እሷ በተስፋ እንድትቆይልኝ ነበር፤ አሁን ግን የማወራው አልቆብኛል። እሷን ካጣሁ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ምን ብዬ እንደምኖር አላውቅም ነበር።

ስደርስ አያ ቢተው ግጦሽ መሬታቸው ላይ ቆመው ሰው ያሠራሉ። ድንጋዩ ተለቅሟል። ጉድባው ተደልድሏል። ዳር ዳሩን ኖራ የተቀባ ድንጋይ ተደርድሯል።

"እንዴት ነው መምህር፣ ይበቃት ይሆን?" አሉኝ።

እኔ እኮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚፈትኑኝ መስሎኝ ነበር! ለካ ከልባቸው አምነዋል። ዋስ ቆሞላታላ! በየገበያው አፋቸውን ሞልተው ተናግረዋል። የሚገዛና የሚሸጥ ነገር ደላላ ያስፈልገዋል ብለው የጎጃም የመጀመሪያው የጄት ደላላ ሊሆኑ ተዘጋጅተዋል።

ወደ በቅሎዎቹ ጋጣ ይዣቸው ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋብሪካው መዘጋቱን። ምጡ የእኔ ፈጠራ መሆኑን። "ዋስ የሆንኩትም እርስዎ ሰው ነው ብለው እንዲያዩኝ ነው" አልኳቸው።

አያ ቢተው ድርቆሹ ላይ ቁጭ አሉ። አገውኛም አልወጣቸው፣ አማርኛም አልወጣቸው።

"ለማን ነገርህ?" አሉ።

"ለማንም።"

"ለልጅቱስ?"

"አልነገርኋትም።"

"ከዳንግላ እስከ ደምበጫ ያለ ነጋዴ ይስቅብኛል" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። አሳዘኑኝ። የራሴን መከራ ረስቼ እሳቸውን ማባበል ጀመርኩ።

ሳባብላቸው ደላላነታቸው ተመለሰ። ብድግ ብለው ወጡና ሠራተኞቹን ሰበሰቡ።

"ወገን፣ ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። አውሮፕላኗን መንግሥት ወረሳት" አሉ።

አለቀ! አንድም ሰው እንዴት አላለም። ቤት ሲወረስ፣ ወፍጮ ሲወረስ ያየ ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠጋ አሉ።

"በሆድ እያለች?"

"በሆድ እያለች" አሉ አያ ቢተው። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡና ዶማቸውን አነሡ።

መንግሥት በወሰደው ነገር ደግሞ ዋስ አይያዝም። ነፃ ወጣሁ። ጓዱም "እኛ አልወረስንም" እንዳይል ስብሰባው አልተካሄደም!

ልሰናበት ስል አያ ቢተው ክንዴን ይዘው ወደ ጋጣው መለሱኝ።

"ስማ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ይህን ነገር የሚያውቅ ባዳ በአገሩ እየዞረ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም። እሑድ ሽማግሌዎችህን ላክ።"

እንዲህ ነው ያገባሁት።

ሠርጉ የተደገሰው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። እንደዚያ ተደልድሎ ጭፈራ የተጨፈረበት መሬት በምዕራብ ጎጃም ታይቶ አይታወቅም። ዕድምተኛው ሁሉ ሲያደንቅ ነው ያመሸው። አያ ቢተው፣ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ምስጢሩን ይዘው አለፉ። እኔም ይዤው ነበር፣ እስከ ዛሬዋ ምሳ።

አትጠገብ ከፊቴ ተቀምጣ ዳር እስከ ዳር ሰማችኝ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ለጎረቤቱ "አባቴ በእንግሊዝኛው ተደንቀው ነው የዳሩኝ" ስትል የኖረች ናት። እኔም አንድ ቀን አርሜያት አላውቅም። ለምን አርማለሁ?

ልጆቹ በሳቅ ወድቀዋል። እሷ አልሳቀችም።

"እና እኔ የአፍ ማዘጊያ ነበርኩ?" አለችኝ።

ምን ይባላል? "ያን ቀን ከሴቶቹ መሀል ባትቆሚ ለጋሪም ዋስ አልሆንም ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው። ሰሃኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የምታለቅስ መስሎኝ ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ግድግዳውን ተደግፋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ እየሳቀች ነው። ቀና ብላ ስታየኝ ግን ዐይኗ ለዛሬ እራት እንደማይቀርብልኝ ነግሮኛል።

ሰው ሁሉ በፍቅር ተጋባን ሲል እሰማለሁ። እኔን የዳረኝ የአንድ ጄት ፋብሪካ ኪሳራ ነው። እናንተስ፣ እስቲ ሳታፍሩ ኮሜንት ላይ ተናገሩ፣ ማን ከስሮላችሁ ነው ያገባችሁት?