የጥምቀቱ አውሮፕላን የትኛው ነው?

እናንተ አውሮፕላን ስትሳፈሩ ዓይነቱን ትጠይቃላችሁ? እኔ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ተሳፍሬአለሁ፤ አንዴም ጠይቄ አላውቅም። ክንፍ አለው፣ ወንበር አለው፣ ይነሳል፣ ያርፋል። ከዚህ በላይ ምን ያደርግልኛል? ዘንድሮ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው የአውሮፕላን ዓይነት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ከእኔ የባሰ የተጨነቀ ሰው ካለ ምናልባት አብራሪው ራሱ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር አለን። ሥራው ለሐዘን ድንኳን መትከል፣ ለሠርግ ወንበር ማዋስ ነው። ታዲያ ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ፣ ለጥምቀት በዓል ከሐዋሳ በቀጥታ ጎንደር የሚወስደን አውሮፕላን በቻርተር እንያዝ ተባለ። ከድንኳን ወደ አውሮፕላን፣ በአንድ ዝላይ! ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደለ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ከአንድ አውሮፕላን አከራይ ድርጅት ጋር ተጻጽፈው «ይቻላል» የሚል መልስ አመጡ። ግቢው ተቀወጠ። ጎንደር ዘመድ የሌለው ሰው ሁሉ ዘመድ ትዝ አለው።

መጀመሪያ ሰባ ሰው ተመዘገበ። ከዚያ ዘጠኝ ሰው ተጨመረ። ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነገሩን አስረዱን። ትንሹ ባለ ፕሮፔለር ከመጣ ሰባ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ትልቁ ጄት ከመጣ ሁላችንም እንሄዳለን። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ሰዎች ተጠባባቂ ተባሉ። ከዘጠኙ የመጨረሻዋ ደግሞ የእኔዋ እትዬ ዘውዴ ናቸው።

እትዬ ዘውዴ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኖረው ኖረው ጡረታ ወጡ። ዘግይተው የተመዘገቡት «ጡረተኛ ምን አገባኝ» ብለው ሲግደረደሩ ነው፤ በስንት ልመና ነው ያስመዘገብኳቸው። ጎንደር አንድ ታላቅ እህት አሏቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። እትዬ ዘውዴ አንድ ቀን በር ላይ ቆመን ስናወራ፣ «ፊቴን ለይታ ሳታየኝ እንዳትቀር ነው የምፈራው» አሉኝ።

በአውቶቡስ አይሄዱም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ሄደው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው እግራቸው ከማበጡ የተነሳ ከአውቶቡሱ የወረዱት በባዶ እግራቸው ነው፤ ጫማው እምቢ አለ። የሄዱበትን ሳምንት በሙሉ አልጋ ላይ ተኝተው አሳለፉና፣ ጠያቂ ሆነው ሄደው ተጠያቂ ሆነው ተመለሱ። ሐኪሙም ሁለተኛ እንዳይሞክሩት ከለከላቸው።

እንግዲህ የእኔ ጭንቀት ይኸው ነው። ጄት ከሆነ ይሄዳሉ፣ ፕሮፔለር ከሆነ ይቀራሉ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ለእኔ ይተዉት፣ አጣራለሁ» ብያለሁ።

ማጣራት ማለት ምን ማለት ነው? ሌላው አገር ለድርጅቱ ደውሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ጠያቂ ሰው ችኮ ይመስላል። ጋሽ ታደለም «አሁን ብንነዘንዛቸው እነዚህስ አስቸጋሪ ናቸው ብለው ቢተዉን?» ብለው ስልክ መደወል ከለከሉ። ስለዚህ ሁሉም ወደሚያውቀው ሰው ዞረ። አንዱ «ሰው አለኝ» ይላል፤ ሰውየው ሲጣራ የሻንጣ ነጋዴ ነው። ሌላው አጎቱ አየር ኃይል እንደነበሩ ይነግረናል፤ አጎትየው ለካ ምግብ አብሳይ ነበሩ።

በነገራችን ላይ ይሄ አመል የኔም ነው። አንድ ጊዜ መሃል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። የትኛው መስኮት እንደሆነ ከመጠየቅ ብዬ አንዲት ሴትዮ ኋላ ሄጄ ተሰለፍኩ። ከኔ ኋላም አሥራ አንድ ሰው ተሰለፈ። አንድ ሰዓት ቆመን ሴትዮዋ ጥላዋን አጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ለካ ባሏን እየጠበቀች ነበር! አሥራ ሁለት የተማርን ሰዎች አንዲት ሴትዮ ባሏን ስትጠብቅ አብረናት ጠበቅን።

እና እኔም «ሰው አለኝ» አልኩ። የኔ ሰው ዳንጊሶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የሚያደርሰኝ ባለባጃጅ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ነው የሚኖረው፤ የአክስቱ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጥበቃ ነው። ዳንጊሶ ባጃጁን ዳር አስይዞ ደወለለት፤ በሲዳምኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከብቱም ልጁም ተጠየቀ። በመጨረሻ ዳንጊሶ ወደኔ ዞሮ «ትልቅም ያርፋል፣ ትንሽም ያርፋል ነው የሚለው» አለኝ። እኔም በጉጉት «እንግዲያው ለበዓል ሲሆንማ ትልቁን ነው የሚልኩት» አልኩት። እሱም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ ይችው ናት ያልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታደለ እየሮጡ ላብራቶሪ ገቡ። እኚህ ሰውዬ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። «ተረጋገጠ! ጄት ነው! ከአውሮፕላን ማረፊያው ከራሱ የመጣ ወሬ ነው!» አሉ። እኔም የያዝኩትን ብልቃጥ አስቀምጬ በቀጥታ ወደ እትዬ ዘውዴ ከነፍኩ። አለቀሱ። ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ወዲያው ለእህታቸው ደውለው «መጣሁልሽ!» አሏቸው።

ማታውን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጋሽ ታደለን ከማን ሰሙ ብዬ ጠየቅኩ። ከአንድ ዶክተር። ዶክተሩስ? ከባለባጃጅ። የትኛው ባለባጃጅ? የቱላው፣ ዘመዱ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው። ወይ ጉዴ! የተረጋገጠው ወሬ የራሴው ግምት ነው፤ ከተማዋን ዞሮ፣ ዶክትሬት ይዞ ተመለሰልኝ። እትዬ ዘውዴ ደግሞ ለእህታቸው ነግረዋል። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

በነጋታው ጋሽ ታደለ ቢሮ ገባሁና «ከዚህ በኋላ ችኮ ልባል፤ ይደውሉ» አልኳቸው። ደነገጡ፣ ግን ደወሉ፤ ድምፁንም ከፍ አደረጉት። አንዲት ልጅ በትሕትና አነሳች። የጥምቀቱን አውሮፕላን ዓይነት ለማወቅ እንደሆነ ነገሯት።

«ውይ እናንተ ናችሁ? እኛ እኮ የእናንተን ቁጥር ነው የምንጠብቀው» አለች። «አውሮፕላኑን የምንመድበው ስንት እንደሆናችሁ ስናውቅ ነው። የተጓዥ ብዛት በሚለው ቦታ ላይ ‹እንደ አውሮፕላኑ ስፋት› ብላችሁ ጽፋችሁ ምን እናድርግ?»

ቀስ ብዬ ወደ ጋሽ ታደለ ዞርኩ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው መጥረግ ጀመሩ። «በሰው ንብረት ላይ ይህን ያህል ነን ብሎ ማዘዝ ነውር መስሎኝ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። እኛ አውሮፕላኑ ይታወቅና ቁጥራችንን እንናገራለን ስንል፣ እነሱ ቁጥሩ ይታወቅና አውሮፕላኑን እንናገራለን ሲሉ ነበር። በዚህ ዓይነት ጥምቀት ያልፍ ነበር።

«ሰባ ዘጠኝ ነን!» ብዬ ጮህኩ።

«እንግዲያው ፕሮፔለሩ አይበቃችሁም፤ ጄቱን መድበናል» አለች። አለቀ። ሦስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ያን ሁሉ ሰው ያስጨነቀ ጉዳይ!

ወደ አዲስ ከተማ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እትዬ ዘውዴ በረንዳቸው ላይ ነጠላቸውን እየቋጩ አገኘኋቸው። እውነቱን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ የመጀመሪያው ወሬ ከኔ እንደወጣ፣ የአሁኑ ግን ከድርጅቱ አፍ እንደሆነ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ብዙ መረቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ስንመለስም ይኸው ትልቁ ነው?»

ምነው አልኳቸው።

«እህቴን ይዣት ልመጣ ነዋ! ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም። እዚሁ ከኔ ጋር ትሁን፣ ሐይቁ ዳር እየወሰድኩ አናፍሳታለሁ።»

ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። እህትየው ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው። አገራቸውን ጥለው ለመምጣት እሺ አሉ ወይ?

«ኧረ ገና አልነገርኳትም» አሉኝ ነጠላቸውን እየቋጩ። «አውሮፕላኑ ይታወቅ ብዬ ነው።»