ለአራስ የተቀመጠው ቅቤ

ሶዶ ውስጥ እንደ እኔ ቦርጭ ለእንግዳ የታየ ቦርጭ ያለ አይመስለኝም። አብራን የምትኖረው እናቴ ሰው በመጣ ቁጥር ቁም ትለኛለች። እቆማለሁ። ምን አደርጋለሁ? ይሄ ሲወለድ ጭብጥ አይሞላም ነበር፣ አሁን እዩት ትላለች። እንግዶቹ እኔን ያያሉ፣ እሷን ያደንቃሉ።

እውነቷን ነው። ገጠር፣ ቦምቤ ውስጥ ስወለድ በጣም ትንሽ ነበርኩ አሉ። ምን ያህል? እሱን አትጠይቁኝ። ያን ጊዜ በእኛ ቤት የሚመዘነው ቅቤ እንጂ ሕፃን አልነበረም። ብቻ እናቴ እኔን ስታረግዝ አያቴ ምግብ ቀነሰችባት። ለምን? ልጁ ከገዘፈ ምጡ ይጠናላ! ከወለደች በኋላ ግን ወተቱም፣ በቅቤ የራሰው የእንሰት ምግብ፣ ሙቿም ጎረፈላት። እኔም ከዚያ ወዲህ ካሳዬን እየበላሁ ነው።

አምና ራስ ምታት አላስቀምጥ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም ግፊቴን ለካ፣ ደገመ፣ መሣሪያውን ተጠራጠረ፣ በመጨረሻ እኔን ተጠራጠረ። ሲወለዱ ትንሽ ነበሩ እንዴ አለኝ። ሰውዬው ሐኪም ነው ጠንቋይ? ማህፀን ውስጥ ምግብ አጥሮት ሳያድግ የተወለደ ልጅ፣ በተለይ ኋላ ከመጠን በላይ ከወፈረ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል አለኝ። የግድ ይታመማል ማለት አይደለም ብሎም አጽናናኝ፤ እኔ ግን ታምሜ ነው የሄድኩት። መድኃኒቱን ከእናቴ ተደብቄ መዋጥ ጀመርኩ። የምትኮራበት ቦርጭ በሽተኛ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

ይሄ ሁሉ ባለቤቴ ከማርገዟ በፊት ነው። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ እዚህ ለማስተማር ተመድባ መጥታ ቀረች። ማርገዟ እንደታወቀ እናቴ ቅቤ ታጠራቅም ጀመር። አቤት ፍቅር! ግን ለአራስነቷ ነው፤ እስክትወልድ ክዳኑ አይከፈትም። ወተት ልጁ ላይ ይለጠፋል፣ ሙዝም እንደዚያው፣ አቮካዶ ደግሞ ያገዝፈዋል ትላለች። ምስኪኗ ሚስቴ ከጓዳ የሚመጣውን የቅቤ ሽታ እየሳበች ጎመን ትበላለች።

ለክትትል ስትሄድ ነርሷ ሆዷን ለካችና ልጁ እድገቱ ወደኋላ ቀርቷል፣ በደንብ ብዪ አለቻት። እያለቀሰች ተመለሰች። እናቴ ግን ምንም አልመሰላትም።

"ይሄ ምን ሆነ?" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። "ቁም እስቲ!"

ቆምኩ። በእኔ ቦርጭ ምክንያት ልጄ ሊራብ ነው? መድኃኒቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የደም ግፊት ነው አልኳት። ሐኪሙ ያለኝንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እናቴ መድኃኒቱን አንስታ አገላበጠችው።

"እኔ ነኝ ያሳመምኩህ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

አንጀቴን በላችው። አይደለም እማ፣ አንቺም እኮ ተርበሽ ነበር አልኳት። ይህን ማንም ብሏት አያውቅም መሰለኝ፣ እንባዋ መጣ። የእኔም መጣ።

ከዚያ ተነስታ ጓዳ ገባች። ባለቤቴ ፊት ወተት፣ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ሙቿ ተደረደረ። ብዪ የኔ ልጅ፣ ብዪ! እኔም ደስ ብሎኝ እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። እናቴ ሳህኑን ከፊቴ ሳበችውና ጨው የማያውቅ ቅቅል ጎደሬ፣ ቦይና የምንለውን፣ ሰጠችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ቅቤን የማውቀው በማሽተት ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ክትትል ሦስታችንም ሄድን። ነርሷ ለካች፣ ፈገግ አለች። ልጁ ጥሩ እያደገ ነው፣ ምን አድርጋችሁ ነው አለች። ባለቤቴ አፏን ሳትከፍት እናቴ ቀደመቻት።

"የምናስርበውን ሰው ተሳስተን ነበር" አለች። "አሁን አባትየውን ነው።"