አባታችን የፋንታሁንን ቁንጮ ያስተካከሉ ዕለት

ንጽሐፍ እንከ፣ እንጻፈው እንጂ ዝም ከተባለማ ሆድ ይፈነዳል፤ ጣሊያን ከጎንደር በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ አባታችን አያ በላቸው በቤታችን በነገሡ በአሥራ ስድስተኛው፣ የግቢያችን ቧንቧ ውሃ መስጠት በጀመረ በሁለተኛው፣ መስጠት ባቆመ በአንደኛው፣ ጥር አሥር ቀን በከተራ ማለዳ የሆነው ይህ ነው።

ያን ሰሞን እናታችን ወይዘሮ ሐረገወይን የወለደች እህታቸውን ሊያርሱ አይከል ወርደው ነበር። ሲሄዱም አንድ እግራቸው ማኪናው ላይ፣ አንድ እግራቸው መሬት ላይ ሆኖ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ለአባታችን እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦ «በከተራ እመጣለሁ። ልጆቹን አጥበው ላጭተው ይጠብቁኝ። ልጅዎን ክንዱን እንደ ወደዱ ያድርጉት። የፋንታሁንን ቁንጮ የነኩብኝ እንደሆነ ግን እዚያው አይከል እቀራለሁ፤ ያኔ ገንፎ ማገንፋት ይማራሉ።»

ነገሩ እኮ ቀልድ አልነበረም። ከፋንታሁን በፊት የተወለደው ወንድማችን በሦስት ዓመቱ ሞቷል፤ ይኼኛውን «በሱ ፋንታ ሁን» ብለው ነው ስም ያወጡለት። ቁንጮ ደግሞ፣ ሕፃን የሞተ እንደሆነ መልአኩ ይዞ ወደ ሰማይ የሚያወጣበት ነው። ፋንታሁን አራት ዓመቱ ነው፤ ይህንን ከስሙ ቀጥሎ ያውቃል። እናታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ያቺን ቁንጮ ቅቤ ሲቀቡ አፋቸው ዝም አይልም፤ ምን እንደሚሉ ግን አይሰማም።

እናም በከተራ ማለዳ ገባሬ ማኅተም አባታችን፣ በጽሕፈት ቤት ማኅተም ሲመቱ ምላሳቸው የሚወጣው፣ ምላጩን በቆዳ ስለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ በቀኝ እኔ ሳፋ ተሸክሜ፣ በግራ የስምንት ዓመቱ ክንዱ ሳሙና ይዞ፣ በኋላ ዶሮዋ ከአራት ጫጩቶቿ ጋር፣ በአጥሩ ላይ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ባንቺአየሁ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ማንም ሳይችላቸው።

ክንዱ አስቀድሞ እጁን ሰጠ፤ ሦስት ቦታ ደማ፣ ድል ነው ተባለ። ፋንታሁን ግን አልጋ ሥር ገብቶ መሸገ፤ ተከበበ፤ በመጥረጊያ ተነካ፣ መጥረጊያውን ማረከ፤ በመጨረሻ አንድ እፍኝ ስኳር ቢያሳዩት ምሽጉን ጥሎ ወጣና በአባታችን ጉልበት መሀል ተቀመጠ። አቤት እንዴት እንዳማረ፤ ዙሪያው ተላጭቶ እንቁላል ሲመስል፣ ቁንጮው መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እዚያ ላይ ቢበቃቸው ምን ነበረበት። ነገር ግን አባታችን በገዛ ሥራቸው ተማረኩና «ዳሩን ትንሽ ላስተካክለው» አሉ፤ ቀኙ በለጠ ብለው ከቀኝ ቀነሱ፣ እንግዲያው ግራው በለጠና ከግራ ቀነሱ፣ ከፊት ሲያዩት ከኋላ ረዘመ፣ ከኋላ ሲቀንሱ ከፊት ወፈረ፣ ቁንጮው ሽንብራ አከለ፣ ምስር አከለ፣ ከዚያም ልክ ሆነ፤ የሚበልጥም የሚያንስም ጠፋ።

እትዬ ባንቺአየሁ ከአጥሩ ላይ ዐወጁ፦ «አያ በላቸው፣ ምነው፣ ልጁን የት አደረግኸው? እኔስ የማየው ቅል ነው።»

ፋንታሁን እጁን ወደ አናቱ ሰደደ። ፈለገ፣ አጣ፤ በሌላኛው እጁ ፈለገ፣ አጣ። ያለቅሳል ብለን ስንጠብቅ አላለቀሰም፤ ስኳሩን ሳፋው ላይ ደፋና ቀስ ብሎ «አባዬ፣ እንግዲህ በምኔ ይዞ ያወጣኛል?» አለ።

አባታችን ምላጩን መሬት አስቀመጡ፤ በኋላ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አወጡ፦ «ስማ ልጄ። ቁንጮ የሌለው በጆሮው ነው የሚወጣ። ቁንጮ አንድ ነው፣ ጆሮ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ቢያመልጥ በአንዱ ይያዛል።»

ፋንታሁን ጆሮዎቹን ዳሰሰ፤ ሁለት ናቸው። «እስቲ ሞክረው» አለ። አባታችንም ሁለት መዳፋቸውን በጆሮዎቹ ላይ ገጥመው፣ ክንዱ ከሥር ቂጡን ደግፎ፣ አነሡት፤ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ እናታችን መጡ። ጀግናው አባታችን ከበሩ ኋላ ቦታ ያዙ። እናታችን ያንን ራስ ሲያዩ ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ፤ ማንም ሳይቀድመው ፋንታሁን «እማዬ፣ አትደንግጪ፣ እኔ በጆሮዬ ነኝ፤ አባዬ ሞክሮታል፣ ይችላል» ብሎ ዐወጀ። እናታችን ቁጭ ብለው ጆሮዎቹን አንድ ባንድ ዳሰሱ፣ ብዙ ዳሰሱ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልታወቀም። ነጠላውን ሲያነሡ ወደ በሩ ዞረው «ሸጋ ነው። እርስዎን ግን መልአክ አይድከምብዎ፤ ዛሬ እኔው በጆሮዎ ይዤ አወጣዎታለሁ» አሉ። አይከል ግን አልተመለሱም።

ከሰዓት በኋላ ለከተራ ቀሐ ወንዝ ወረድን። ታቦቱ ሲመጣ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ፋንታሁን በአባታችን ትከሻ ላይ ሆኖ ሁለት ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ያዘ። ሰው ሁሉ ጩኸቱ ረብሾት መሰለው። እኛ ግን ከሥር እንሰማው ነበር፤ ወደ ሰማይ አንጋጦ «ገና ነኝ፣ ገና ነኝ» ይላል። እናታችንም ሰሙና፣ እጃቸውን ዘርግተው በእጆቹ ላይ ደርበው ያዙለት፤ እንዲያው እስኪመሽ ድረስ አልለቀቁትም።

ስለዚህ ለአባታችን ለመዋዔ ፀጉር፣ ምላጭ ለታጠቀ፣ ማኅተም ለመታ፣ ከሚስት ዐዋጅ በሕይወት ለተረፈ፣ ቁንጮን ጥሎ ጆሮን ላነገሠ፣ ዝናው ከቀሐ እስከ ትክል ድንጋይ ይነገርለት፤ ልጁም ሁለት ጆሮውን እንደ ያዘ ይሽበት፣ ራሱም ይመለጥ፣ አሜን።