የነጩ ፒክአፕ ግርማ

(ቡሬ፣ ከከብት ገበያው በር፣ ማለዳ። ወንዳወቅ የትልቁ ነጭ ፒክአፕ ሹፌር ነው፤ ከሞተሩ ቀድሞ የሚነሳው አፉ ነው። አያ አብተው የሽንዲ ገበሬ ናቸው፤ አሁን የገዙትን በሬ፣ ቦራን፣ በገመድ ይዘው ቆመዋል። ቦራ ነገ ካልተጠመደ እርሻው ያልፋቸዋል። አጠገባቸው ሌላ ቀይ ፒክአፕ ቆሟል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ወንዳወቅ፦ ኧረ አያ አብተው! ነጩንና ያን ቀዩን ፒክአፕ እንዴት አንድ ናቸው ይላሉ?

አያ አብተው፦ ሁለቱም አራት አራት እግር አላቸው ብዬ ነዋ። ደግሞ እኔ ነጂ ነው የምፈልግ።

ወንዳወቅ፦ ነጂማ እኔ አለሁልዎት! መጀመሪያ ፊቱን ይዩ። የቀዩ ጠፍጣፋ፣ እንቅልፋም ነው። የእኔው ግንባረ ሰፊ፣ ዓይኑ ቀጭን፣ አፉ እስከ ታችኛው መከላከያ፣ እስከ ፓራውልቱ!

አያ አብተው፦ (ጎንበስ ብለው እያዩ) ማን አስቀየመው?

ወንዳወቅ፦ ዲዛይን ነው እንጂ ቁጣ አይደለም! ኮፈኑን ይዩ፣ ከደረትዎ ይደርሳል።

አያ አብተው፦ እንዲህ ከተቆለለ ከፊትህ የቆመ ፍየል በምን ይታይሃል?

ወንዳወቅ፦ በካሜራ።

አያ አብተው፦ እንዲያማ በመሪ የሚሄድ ዕውር ነው በለኛ።

ወንዳወቅ፦ (ገበሬ ምን ያውቃል ብሎ ሳቁን እየዋጠ) ዋናው ፕሮፖርሽን ነው፣ ሚዛን! ጋቢናው ባለ አራት በር፣ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ጎማው ዳሌውን የሞላ። ቀዩ ግን ጋቢናው ሚጢጢ፣ ጅራቱ ረጅም!

አያ አብተው፦ (የነጩን መጫኛ በክንዳቸው እየለኩ) አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ክንድ ከስንዝር። ቦራ ግን ከግንባሩ እስከ ጭራው ሥር አምስት ነው።

ወንዳወቅ፦ መኪና በክንድ አይለካም! ይሄ ለዓይን የተሠራ ነው።

አያ አብተው፦ በሬውስ በዓይን ይጫናል?

ወንዳወቅ፦ (የቀዩ ሹፌር እየሰማ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ) ሚካኤልን! ቦራን ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ራሴ ነድቼ ሽንዲ፣ ከደጅዎ ባላደርስ ሁለተኛ መሪ አልጨብጥም!

አያ አብተው፦ ራስህ ትነዳለህ?

ወንዳወቅ፦ ራሴ!

አያ አብተው፦ (ወደ ገበያተኛው ዞረው) ሰምታችኋል።

(ቦራ በስንት ግፊያ ነጩ ላይ ወጣ። ግንባሩ ጋቢናውን ነካ፣ መቀመጫው ውጭ ቀረ፤ የኋላው በር አልዘጋ አለ። ገበያተኛው አሽካካ። ወንዳወቅን እፍረት ገደለው።)

ወንዳወቅ፦ አያ አብተው… ትንሽ ቢታጠፍስ?

አያ አብተው፦ በሬ ጋቢ ነው? (ቦራን አስወርደው ገመዱን እያቀበሉት) እንካ!

ወንዳወቅ፦ ምን ላድርገው?

አያ አብተው፦ ንዳ! ራሴ ነድቼ ብለህ ምለህ የለ? ጉልበቴ እንቢ ቢለኝ ከጧት ጀምሬ ነጂ፣ ነጂ ስል ነበር። የበሬ እንጂ የመኪና መች አልኩህ?

ወንዳወቅ፦ እርስዎስ?

አያ አብተው፦ ቀዩ ማዳበሪያ ጭኖ ሽንዲ ይሄዳል። ሹፌሩ ያችን ሚጢጢ ጋቢና ይዞልኛል።

ወንዳወቅ፦ (ሊያለቅስ ደርሶ) መኪናዬንስ ማን ይጠብቅልኛል?

አያ አብተው፦ (ቀዩ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ ብቅ ብለው) ያን ፊት ይዞ? ማን ይደፍረዋል!