የማይስቶር ራዲቮዬ የመጨረሻ ኮምፒውተር

በየሕንፃው የሰው ዕቃ ሲበላሽ ፊቱ የሚበራ አንድ ሰው አለ። ሌላው ሰው ሠርግ ሲጠራ የሚያሳየውን ፈገግታ እሱ «ኮምፒውተራችን እምቢ አለ» ሲሉት ያሳያል። በእኛ ሕንፃ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ከሆነ፣ ወይ ገና መግባታችሁ ነው፣ ወይ ሰውዬው ራሳችሁ ናችሁ።

እዚህ ኒሽ ከተማ፣ በእኛ ሕንፃ፣ ማዕረጉን የያዙት ክቡር ማይስቶር ራዲቮዬ ናቸው። ማይስቶር የምንለው ቧንቧም ይጠግን ጣሪያ፣ እጁ የሚታመነውን ሰው ነው። ከክር ፋብሪካ ጡረታ እንደወጡ ለጎረቤቶቻቸው ከዚህም ከዚያም ዕቃ እየለቃቀሙ አሥራ ዘጠኝ ኮምፒውተሮች በእጃቸው ገጠሙ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ስምንቱ አንድ በአንድ ተጥለው በየቤቱ ላፕቶፕ ገባ። የቀረው የእኛው ብቻ ነው። እሱም ከሄደ ማይስቶር የሚላቸው አይኖርም፤ በሕንፃው በር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ርግብ ከሚቆጥሩት ጡረተኞች አንዱ ይሆናሉ። ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ኮምፒውተሩ ሰኔ ላይ ያለ ምንም ምክንያት ድርግም እያለ መጥፋት ጀመረ። ባለቤቴ ቬስና የጂኦግራፊ መምህር ናት፤ ፈተና አዘጋጅታ ልትጨርስ ስትል ድርግም። እንደገና ትጽፋለች፣ እንደገና ድርግም። «እስከ ቅዳሜ አያለሁ» አለችኝ። «ቅዳሜ ካልተስተካከለ ላፕቶፕ እገዛለሁ። የሰውዬውን ልብ እያባበልኩ ሥራዬን አላጣም።»

ማይስቶር ብሎን የሞላ የብስኩት ቆርቆሯቸውን ይዘው ከላይ ፎቅ ወረዱ። «እኔ የገጠምኩት አይበላሽም፤ ሰው ነው የሚያበላሸው» አሉ እንደ ወትሮው። እሳቸው ሲገቡ አማቴ እትዬ ስታና ሹራባቸውን ሰብስበው ከሳሎን ይወጣሉ። በግንቦት መጨረሻ ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ማይስቶርን «ያ ሰውዬ» ከማለት ሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም።

የኮምፒውተሩ ሳጥን ከሳሎን ተነቅሎ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩም እስኪመሽ ያለ አንድ እንከን ይሠራል። «ተመልከት ጎረቤት፣ ደህና ነው እኮ! ሐኪም ሲያይ የሚድን በሽተኛ» ይላሉ። ሳሎን ሲመለስ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ድርግም።

ሰኞ ጥፋተኛው መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ነበር፤ ተቀየረ። ማክሰኞ ራሞቹ፣ የማስታወሻ ካርዶቹ፣ ወጥተው በላጲስ ተፈተጉ። ረቡዕ «ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ከሆነ ነገሩ የመብራት ነው» አሉና አሳንሰሩን ጠረጠሩ። እሳቸው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው እኔን አሳንሰር ውስጥ ከተቱኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ስምንተኛ ፎቅ ወጥቼ ወረድኩ። የስድስተኛ ፎቋ ሴትዮ ቬስና ያባረረችኝ መስሏት ምሳ ጋበዘችኝ።

ይህ ሁሉ ምርመራ የሚካሄደው መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ነው። ማይስቶር ከመብራት ኃይልም ከእግዜርም በላይ የሚፈሩት ፕሮማያን ነው፣ ከመስኮት ወደ በር የሚያልፈውን ነፋስ። «ነፋስ የመታው ሰው አይተርፍም» ይሉኛል፣ ላቡ ከግንባራቸው እየተንጠባጠበ። ልከፍት ስሞክር እጄን መቱኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ማይስቶር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። በዚህ ቀን ሳጥኑ ከቦታው እንዳይነሳ አዘዙ፤ ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን ልናየው። እትዬ ስታናም ወገባቸውን ስላመማቸው ከጠረጴዛው ጎን ካለው ሶፋቸው አልተነሱም፤ ሹራባቸውን ይሠራሉ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ማይስቶር ፈገግ ማለት ጀመሩ። ድርግም።

ቬስና ተነስታ ጫማዋን ልታደርግ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የላፕቶፕ ሱቁ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው።

ማይስቶር ተንበርክከው ሳጥኑን ወደ ፊት ሳቡት። ከጀርባው፣ ፋኑ ትኩሱን አየር በሚያስወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ የሱፍ ሰደርያ ተወትፏል። አወጡት። እሳት ሆኗል።

እትዬ ስታና ቀልተዋል። «ነፋሱ ኩላሊቴን እየመታኝ እኮ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ስቀመጥ እወትፈዋለሁ፣ ስነሳ አነሳዋለሁ። ትኩስም ቢሆን ነፋስ ነፋስ ነው። በእኔ ነው እንዴ? የልጄ ሥራ ሁሉ... አምላኬ፣ በእኔ ነው?»

የቬስና ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሲያንኳኳ ተሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ጥፋተኛ ሲፈልጉ የሰነበቱ ሰው፣ አሁን ጥፋተኛውን በእጃቸው ይዘውታል። በአንድ ቃል ስማቸውን ማዳን ይችሉ ነበር። እኔም ያን ቃል ጠበቅኩ።

ማይስቶር ሰደርያውን አጠፍ አድርገው እትዬ ስታና የሹራብ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት።

«ምን አገኙ?» አለች ቬስና ከበሩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አሉ ማይስቶር። «ፋኑን ወደ ሰው አዙሬ ነው ያስቀመጥኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላየሁትም።» ከዚያ ሳጥኑን አንስተው ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ።

ቬስና ቁልፏን እንደያዘች ቆመች። «እስቲ ይድገሙት?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቬስና አንድ እግሯን ከጫማዋ አወጣች። «ኒሽ ውስጥ ጥፋቱን የሚያምን ማይስቶር ከተገኘማ፣ ሱቅ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

እትዬ ስታና አቀርቅረው ሹራባቸውን መሥራት ቀጠሉ።

እስከ ደረጃው ሸኘኋቸው። አሳንሰሩ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ያመላለሱኝን፣ እጄን የመቱኝን እኚህን ሰው አቅፌ ብስማቸው ደስ ባለኝ፤ ቆርቆሮው መሀላችን ገባ።

«ማይስቶር» አልኳቸው፣ «ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልነበረ አይቻለሁ።»

«ዝም በል፣ ጎረቤት» አሉኝ ደረጃውን እየወጡ። «እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። እትዬ ስታና ግን ከልጃቸው ቤት ወጥተው የት ይሄዳሉ?»