የመርሳ የዳማ አዋጅ

መርሳ ከተማ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ነገር አጥታለች፤ መብራት ሄደ፣ ኔትወርክ ሄደ፣ ስኳርም ተከትሎ ሄደ። ሕግ ግን አንድም ቀን አልጐደለባትም። ለዚህ ውለታ ምስጋናው ለአራተኛ ዓመቱ የሕግ ተማሪ፣ ለክቡር ጀብሪል ይሁን።

ለጀብሪል ጦርነት ብርቁ አልነበረም። በስልኩ በሚጫወተው የኦንላይን ጨዋታ ስድስት ዓመት ተዋግቶ ማርሻል የሆነ፣ አርባ ሺህ ጦር የሚያዝዝ፣ የሰባት ግንብ ጌታ ነው። እውነተኛው ከባድ መሣሪያ በሐራ በኩል የጮኸ ዕለት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ አልጋ ሥር የገባውም እሱ ነው፤ ማርሻል ራሱን ለአገር ማቆየት አለበትና። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ እምብዛም አላዘነም። ኔትወርኩ ሲጠፋ ግን እህል አልዋጥለት አለ። በየጠዋቱ በሶላር የሞላውን ስልኩን ከፍቶ ያያል፣ ስለ ግንቦቹ ይተክዛል፣ መልሶ ያጠፋዋል።

እህቱ ነሲባ ሻይ ቤት አላት። ስኳር ካለቀ ወዲህ ቤቱ የዳማ መጫወቻ ሆኗል። ገበታው የካርቶን ቁራጭ፣ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ሰዉ ይጫወታል፣ ይስቃል፣ ይጨቃጨቃል፣ ነገር ሲከር ደግሞ ሼህ ኑርሁሴን ዱዓ አድርገው ያስታርቃሉ። እሳቸው ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ የአገሩ አባጋር ናቸውና የቆርኪ ጠብ አያቅታቸውም። ጀብሪል ይህን አይቶ ደነገጠ። አገር ያለ ጽሑፍ ሕግ እንዴት ይስቃል?

በሁለት ሳምንት ውስጥ በውል ሕግ ሃንድአውቱ ጀርባ ላይ ስልሳ አንድ አንቀጽ ያለው የዳማ አዋጅ አወጣ። የሥልጣን ክፍፍልንም አልዘነጋም፤ ሕግ ሲያወጣ ትከሻው ባዶ ነው፣ ሲዳኝ የነሲባን ጥቁር ሻርፕ ትከሻው ላይ ይጥላል፣ ሲጫወት ያወልቀዋል። ይግባኝ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ የሚቀርበውም ለእሱ ነው። ተጫዋቹ ሁሉ እንዲፈርም ተደረገ። ማንም አላነበበውም፤ ጀብሪልም አለማንበብ ከግዴታ ነፃ እንደማያወጣ በትሕትና አስረዳ።

ለመርሳ ሻምፒዮንነት እሱና ሼህ ኑርሁሴን ቀረቡ። ሼሁ ንጉሥ አንግሠው፣ ሊያሸንፉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በውርጌሳ በኩል መድፍ ጮኸ። ሼሁ ተነሥተው በር ላይ ደርቃ የቀረችውን ነሲባን እጇን ይዘው "አብሽሪ" እያሉ ወደ ጓዳ አስገቧት። ጀብሪል ጠረጴዛ ሥር ነበር። ጸጥ ሲል ወጣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሻርፑን ለበሰ፣ አንቀጽ አሥራ አራትን አነበበ፦ "በማንኛውም ምክንያት ከመቀመጫው የተነሣ ተጫዋች ተሸናፊ ነው።"

"አንተስ ጠረጴዛ ሥር አልነበርክም?" አሉት ሼሁ።

"አንድ እጄ ወንበሩን እንደያዘ ነበር።"

"የኔ ልጅ፣ ጦርነት እኮ ነው።"

"ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው፣ ሼህ። እርስዎም ፈርመዋል።"

ሼሁ አልተቆጡም። እጃቸውን ዘርግተው "ሕግህ አይለይህ" ብለው መረቁት። ጀብሪልም ከልቡ አሜን አለ።

ወራት አልፈው፣ ጦሩ ሄዶ፣ ኔትወርክ መጣ። ጀብሪል ጨዋታውን ከፈተ። ግንብ የለም፣ ጦር የለም፣ ማርሻልም የለም። አንድ መልእክት ብቻ ጠበቀው፦ በማንኛውም ምክንያት ከዘጠና ቀን በላይ ያልገባ ተጫዋች አካውንቱ ይሰረዛል። ስድስት ዓመት! አለቀሰ፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ አንቀልድም። ከዚያ አሥራ አንድ ገጽ አቤቱታ ጻፈ። መልሱ በአንድ ደቂቃ መጣ።

ወደ ሻይ ቤቱ ሮጦ ከሼህ ኑርሁሴን እግር ሥር ተቀመጠ።

"ሼህ፣ ያስታርቁኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ከጨዋታው ኩባንያ ጋር።"

"የት ነው አገሩ?"

"እንጃ።"

"ጦርነት ነበር ብለህ ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው። ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው አሉኝ። ፈርመሃልም አሉኝ።"

"አንብበኸው ነበር?"

"ማንም አያነበውም" አለ ጀብሪል። ሼሁ አልሳቁም፤ አባጋር በተበደለ ሰው አይስቅም። ካርቶኑን ስበው ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ያን ዕለት በነበሩበት ቦታ ደረደሩ፤ አንዱንም አልሳቱ።

"ያንተ ጨዋታ የሚሰረዝበት አገር ሩቅ ነው፤ አልደርስበትም" አሉ። "የኛው ግን እዚሁ ነው። ተራው የኔ ነበር።"

በሦስት እርምጃ ጠራርገው በሉት። ጀብሪል ሻርፑን ፍለጋ ዞር ሲል ነሲባ ለብሳው ቆማለች።

"ሼህ አሸንፈዋል" አለች።

"ይግባኝ እላለሁ።"

"ሠላሳ ቀን አለህ" አለች ነሲባ ሻርፑን እያስተካከለች፤ "የምታቀርበው ለኔ ነው።"