ትምህርት ለመቀየር የተላከ ሽማግሌ

ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻና ለተጣላ ብቻ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። ዘንድሮ ተማሪም ትምህርት ክፍል ሊቀይር ሲያስብ ሽማግሌ ይልካል። በምን አወቅክ ብትሉኝ፣ ተልኬ!

ላኪያችን ነጂብ ነው፤ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ግቢዬ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሕክምና የሚማር ልጅ። ውጤቱ የጎበዝ፣ ፊቱ የታማሚ ነው። ምን ሆነሃል ስለው፣ ጋሼ፣ በሽተኛ ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም፤ ግብርና ልግባ ብል ደግሞ አባቴ አይችሉትም አለኝ። አባቱ ሐጂ ከድር የቡ ከተማ ቡና ያለሙ ሰው ናቸው። ልጁ ሕክምና ከገባ ወዲህ አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው “የዶክተሩ አባት” ብሎ ነው። እስቲ ይህን የመሰለ ማዕረግ ማን ይነጥቃቸዋል?

እኛ! ሼህ ሙዘይን፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ተሾመና እኔ ጋቢያችንን ደርበን በሚኒባስ የቡ ገባን።

ሐጂ ገና በር ላይ ሲያዩን ፊታቸው በራ። ለካ ለሴት ልጃቸው ለሰሚራ ሽማግሌ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ኖሯል! “ኮታ፣ ኮታ! ግቡ፣ ተቀመጡ” አሉን፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። እኛም በደንቡ መሠረት፣ እሺ ካላሉን አንቀመጥም አልን። በወጉ ቢሆን፣ ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ ብለው ሊያመላልሱን ይገባ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ደስታው አጣደፋቸውና “ወላሂ እሺ ብያለሁ!” አሉ። ያውም ሼህ ፊት! ተቀመጥን።

ሼሁ የመጣነው ለነጂብ ትምህርት መሆኑን ተናገሩ። ሐጂ መጀመሪያ ተቆጡ። ቡና ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግለታል፣ እኔ በነጻ አላስተምረውም ወይ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ከዚህ ጭቃ ይውጣልኝ ብዬ እኮ ነው የላክሁት አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በሉት።

ግን ሽማግሌ ነኝና ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ልጅ መማር ያለበት ራሱ የሚወደውን እንጂ ወላጁ የሚወድለትን አይደለም አልኩ። የእኔዋ ልጅ ቤዛ ሕግ የምትማረው ወዳ ነው ብዬም አከልኩበት። ሐጂም በመጨረሻ፣ ወላሂ ካልኩ ብያለሁ፣ ይቀይር አሉ። ቆየት ብለውም፣ እስቲ እየደረቀ ያስቸገረኝን ቡና ያድንልኝ እንደሆነ እናያለን አሉ። ነጂብ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቤዛ ለእረፍት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ታሪኩን አንድም ሳላስቀር አጫወትኳት። በሳቅ ሞተች። ግን እሺ ካልተባሉ በቃ አይቀመጡም ማለት ነው ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። በኩራት፣ በፍጹም አይቀመጡም አልኳት።

እሁድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሼህ ሙዘይንና ጋሽ ተሾመ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። በእኔ ቦታ፣ የተዋሰው ጋቢ መሬት እየጠረገበት፣ ነጂብ! የሕግ ተማሪዋ ቤዛ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታለች።

ተቀመጡ እንጂ አልኳቸው።

እሺ ካላሉን አንቀመጥም አለኝ ነጂብ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምነው አምላኬ፣ ለጋብቻ ባደረገው ብዬ ጸለይኩ።